ከመከራ በኋላ ስንገነባ ፍትሕ ይቅደም

(ለመስጊዳችን ጀመዓ የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት እንዲስማማ ተስተካክሎ የቀረበ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የመስጊዱ ኮሚቴ ይህን መጽሔት ሲያዘጋጅ ከእኔ የጠየቀው ስለ መስጊዳችን አሠራር እንድጽፍ ነበር። ስለ ሲሚንቶውና ስለ ቆርቆሮው ግን ኮሚቴው ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እኔ የማቀርብላችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ግንባታ ነው፤ ይኸውም አደጋ ያፈረሰውን ሰፈርና ኑሮ የተለያየ ሃይማኖትና ብሔረሰብ ያላቸው ጎረቤቶች በአንድነትና በፍትሕ እንዴት መልሰው ሊያቆሙት እንደሚገባ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት በምክንያት ነው። በመጨረሻው ላይ አንድ ጉዳይ እንድትወስኑ ስለምጠይቃችሁ እስከዚያው ድረስ ታገሡኝ።

የሰፈራችን ቁስል

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በክፍለ ከተማችን በቆልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ የሆነውን የማታስታውሱ ያላችሁ አይመስለኝም። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የቆሼ ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። አላህ ለሟቾቹ ምሕረቱን፣ ለቀሪዎቹ ጽናቱን ይስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። ያ አደጋ ከሰማይ ብቻ የመጣ አይደለም። ቆሻሻውን ያከማቸው ሰው ነው፤ ድሃውም ከተራራው ሥር ጎጆውን የቀለሰው ሌላ ቦታ የሚከራይበት ገንዘብ ስላጣ ነው። አንዳንዱ ከገጠር መጥቶ ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀመ የሚኖር ነበር። ሌላው ከዘነበወርቅ አካባቢ፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከማኅበረሰቡ ተገልለው እዚያ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የተወለደ ነበር። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረበት፤ ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም፣ ስልጤውም፣ አማራውም፣ ወላይታውም ነበረበት። ናዳው ሲወርድ ከነዚህ አንዱንም ለይቶ አልጠየቀም።

ቆፍሮ ያወጣውም ሰው አልጠየቀም። እኔ በዚያን ሰሞን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበርሁ። አካፋ የያዘ ሁሉ ይቆፍር ነበር፤ አካፋ ያጣ በእጁ ይቧጥጥ ነበር። እኛ በነበርንበት ድንኳን ወጡ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ድስት ነበር። ጊዜው የክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ብቻ ይወጣ ነበርና የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር ሳይነሣ ሁላችንም ከአንድ ድስት በላን። የእድር ወንበርና ድንኳንም የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የእኛን ጀናዛ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እስከ ቀብር ሸኙ፤ የእነርሱንም እኛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሸኘን።

እንግዲህ መጣላት የጀመርነው መቼ ነው? መከራው ሲወርድ አይደለም። እርዳታው ሲመጣ ነው። ብርድ ልብሱ፣ ዱቄቱና ፍራሹ በመኪና ተጭኖ ከመጣ በኋላ «የእኛ ሰው»፣ «የእነርሱ ሰው» ማለት ተጀመረ።

የራሴን ጥፋት ልናገር

በዚህ ነገር ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ጀመዓችን ካሰባሰበው ብርድ ልብስና አልባሳት የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም እንድመዘግብ ተመድቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ማተብ ያሰሩ፣ ተራቸውን ጠብቀው ከፊቴ ቆሙ። እኔም በአክብሮት ቃል፣ ነገር ግን ፍትሕ በጎደለው ልብ፣ «እናቴ፣ ለእናንተ ወገን የሚሰጠው በዚያኛው በኩል ነው፤ እዚያ ቢሄዱ ይሻላል» አልኋቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። የለበሱት ያንኑ በናዳው ማታ የለበሱትን ነበር። በዚያኛው በኩል የነበሩት መዝጋቢዎች ደግሞ «እርስዎ የሙስሊም ተከራይ ነበሩ፤ የሚመዘግብዎት መስጊዱ ነው» ብለው መልሰዋቸው ኖሯል። ሁለት ሌሊት በሁለት በር መካከል ያለ ብርድ ልብስ አደሩ። ሲያዩኝ አልረገሙኝም፤ አልተቆጡኝምም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ መዝገቡ ተዘጋ እንዴ?» አሉኝ።

በመድረሳም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። እንደዚህ ያለ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ግን አላስታውስም።

በማግስቱ የእኛን መዝገብና የሌሎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ በሦስት ቦታ ተመዝግቦ ሦስት ጊዜ ተቀብሏል፤ ሌላው በየትኛውም መዝገብ ውስጥ የለም። ያልተመዘገቡት እነማን ናቸው? የቤት ካርታ የሌላቸው ተከራዮች፣ በላስቲክ ቤት የሚኖሩ፣ መታወቂያ ያላወጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ነበሩ። እንግዲህ በእርዳታው ሁሉም ሰው በጎ አደረገ፤ ነገር ግን በጎ ሥራ ሁሉ ፍትሐዊ ሥራ ነው ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተማርሁ።

ካዕባ እንደገና ሲሠራ

አሁን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ እንመለስ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 35 ዓመት ሲሆናቸው፣ ማለትም ወሕይ ከመውረዱ 5 ዓመት በፊት፣ በመካ የወረደ ጎርፍ የካዕባን ግድግዳ ሰነጣጠቀው። ስለሆነም ቁረይሾች አፍርሰው እንደገና ሊሠሩት ተስማሙ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የነቢዩን ብልህነት ለማሳየት ነው። ነገር ግን ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ መልሶ የመገንባት ታሪክም ነውና በዚህ ዓይን እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ቁረይሾች በዚያ ሥራ ውስጥ ንጹሕ ያልሆነ ገንዘብ እንዳይገባ ወሰኑ። የአራጣ፣ የዝሙትና በግፍ የተወሰደ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ተስማሙ። በዚህም ምክንያት ገንዘቡ አንሶ፣ የካዕባን አንድ ወገን አሳጥረው ሠሩት። ሐጅና ዑምራ ያደረጋችሁ ሁሉ የምታዩት ሒጅር የሚባለው በግማሽ ክብ ቅጥር የታጠረው ቦታ የዚያ ማስረጃ ነው። እነዚያ ሰዎች ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ ሆኖም ባልተጣራ ገንዘብ ከሚሞላ በተጣራ ገንዘብ ቢጎድል ይሻላል አሉ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የግድግዳውን ሥራ በየጎሣው ተከፋፈሉት። እያንዳንዱ ወገን የሚሸከመውን ድንጋይና የሚሠራውን ጎን ዐወቀ፤ ሠሪ እንጂ ተመልካች ብቻ ሆኖ የቀረ ወገን አልነበረም። እንጨቱ የተገኘው በባሕሩ ዳር ከተሰበረ መርከብ እንደሆነ፣ በሥራውም ባቁም የሚባል የሮም ሰው እንደረዳቸው ተዘግቧል። እንግዲህ ከአላህ ቤት ግንባታ እንኳ የውጭ ሰው እጅ አልተገለለም።

በሦስተኛ ደረጃ ጠቡ መጣ። መቼ እንደመጣ አስተውሉ። ከባዱን ድንጋይ ሲሸከሙ አልተጣሉም። የተጣሉት ሐጀረል አስወድን፣ ማለትም ጥቁሩን ድንጋይ፣ በቦታው የማኖር ክብር የማን ይሁን በሚለው ነው። ነገሩ እየከረረ ሄዶ አንዱ ወገን እጁን በደም ሳሕን ውስጥ እየነከረ እስከ ሞት ሊዋጋ ተማማለ። አራት ወይም አምስት ሌሊት በዚህ ሁኔታ ከቆዩ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቻቸው አንዱ በመጀመሪያ በበሩ የሚገባው ሰው ይፍረደን ብሎ አሳሰበ። የገቡት ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነበሩ። ሁሉም አል-አሚን እያሉ የሚጠሯቸው፣ ታማኝነታቸው የተመሰከረ ሰው ስለነበሩ ደስ አላቸው። እሳቸውም ልብስ አስመጥተው አነጠፉ፤ ድንጋዩን ከመካከሉ አኖሩ፤ የየጎሣው አለቆች የልብሱን ጫፍ ጫፍ ይዘው በአንድነት እንዲያነሡት አደረጉ። ከቦታው ሲደርስ በራሳቸው እጅ አስቀመጡት። የሊቀዳ የነበረው ደም በዚህ ዳነ።

የእኛም ሰፈር ነገር እንዲሁ ነው። ጭቃውን ስንዝቅ አልተጣላንም፤ የተጣላነው ማን ይስጥ፣ ማን ይቅደም፣ የማን ስም ይጠራ፣ በፎቶግራፉ ላይ ማን ይቁም በሚለው ላይ ነው። ስለሆነም ፍትሕ የሚያስፈልገን በሥራው ብቻ አይደለም፤ በክብሩም ነው። የልብሱን ጫፍ ለሁሉም ማስያዝ ያስፈልጋል። ደግሞም አስተውሉ፤ ቁረይሾች አል-አሚንን ያገኙት በጠቡ ዕለት አይደለም። የታመኑት ከዚያ በፊት በብዙ ዓመት ንግድና አደራ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚታመን ሰው ፍለጋ ቢወጡ አይገኝም፤ መታመን አስቀድሞ የሚከማች ስንቅ ነው።

ሸክምን መካፈል

ፍትሕ የሚጀምረው ከአደጋው በኋላ ብቻ እንዳይመስለን። የረጲ ቆሻሻ መጣያ ሞልቷል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ቦታ ተዘጋጀ። ቆሻሻው ወደዚያ መሄድ ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ቆሻሻውም ወደ ረጲ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ያ ናዳ ደረሰ።

ያን ጊዜ በሰፈራችን የሰንዳፋን ገበሬ የወቀሰ ሰው ነበር። እኔ ግን እላለሁ፤ እኛ ከ50 ዓመት በላይ ያልወደድነውን ነገር እነርሱ እንዲወዱት መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ሽታውን እናውቀዋለን፤ በክረምት ወደ ጉድጓድ ውኃና ወደ ወንዝ የሚወርደውን ጥቁር ፈሳሽ እናውቀዋለን። ጥፋቱ የአንዱን ሸክም አንሥቶ ሳይመክሩ በሌላው ጫንቃ ላይ መጣል ነው። በአንድ ከተማ የሚበላው ሁሉ ቆሻሻ ያወጣል፤ ቆሻሻው የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ ድምፁ በማይሰማው ሰፈር ከሆነ፣ ናዳው ከመውረዱ በፊት ፍትሑ ተንዷል ማለት ነው።

ደግሞም መከራ በእኛ ሰፈር ብቻ አልቀረም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በወረደው የመሬት ናዳ እንዲሁ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በጎፋው ከሞቱት መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀቁ። ያ ለሌላው ሲል እየቆፈረ የሞተ ጎረቤት «የማን ሃይማኖት ነው የተቀበረው?» ብሎ ቢያመነታ ኖሮ በሕይወት ይተርፍ ነበር። እርሱ ሳያመነታ የሄደበትን መንገድ እኛ በብርድ ልብስ ክፍፍል እናመነታበት?

«የእኛን ለእኛ» ለሚሉ ወንድሞች

አሁን ወደ ጥያቄዬ ደረስሁ። ኮሚቴያችን ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን የመረዳጃ ሣጥን ለማቋቋም አስቧል። መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ «ሣጥኑ ለጀመዓችን ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ የራሳቸው አላቸው» ይላል። ሌላው «አደጋው የሰፈሩ ስለሆነ ሣጥኑም የሰፈሩ ይሁን» ይላል። የመጀመሪያውን የሚሉ ወንድሞች ክፉዎች አይደሉም። ብዙ ዘመን ከመዝገብ ውጪ የቀረ ሰው የራሱን ሣጥን ሲያገኝ ቢሳሳለት አይፈረድበትም። ምክንያታቸውንም ልመልስላቸው ይገባል።

ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ለተቆጠሩ ስምንት ወገኖች የተወሰነ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም በመሠረቱ ለሙስሊሞች እንደሚሰጥ ይናገራሉ። በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ የሣጥኑ ገንዘብ ከዘካ አይሁን፤ ሒሳቡም ከዘካ ጋር አይደባለቅ። ሰደቃ ግን እንደዚያ አልታጠረችም። ከማይዋጉንና ከቤታችን ከማያስወጡን ጋር በበጎነትና በፍትሕ እንድንኖር ሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ አይከለክለንም። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽም የሰዎች ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል። ለሚጠላን ፍትሕ ከታዘዝን፣ ጀናዛችንን ለሸኘው ጎረቤት ምን ያህል ይገባን?

ዑመር ቢን ኸጧብ (ረ.ዐ.) በእርጅና ምክንያት ሲለምን ያገኙትን አይሁዳዊ ሽማግሌ ከበይተል ማል እንደቆረጡለት አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ጽፈዋል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ዓመተ ረማዳ በተባለው የድርቅ ዘመንም፣ ሕዝቡ ቅቤና ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ ዑመር ራሳቸው ከዚያ ተከልክለው ዘይት በዳቦ እየበሉ እንደኖሩ የታወቀ ነው። የአማኞች መሪ ራሳቸውን በሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆሙ። እኛ መዝጋቢዎች ራሳችንን በሰልፉ የት አቁመናል?

ስለዚህ ውድ አንባቢዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው።

1ኛ. ሣጥኑ ከሰደቃ ብቻ ተሞልቶ፣ የአካባቢያችን እድሮች ካሏቸው መረዳጃዎች ጋር በስምምነት ይሥራ። እድሮቻችን ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ሲቀባበሩ የኖሩባቸው ናቸው፤ ለመተማመን ከእነርሱ የተሻለ መነሻ የለንም።

2ኛ. አደጋ ሲደርስ መዝገቡ አንድ ይሁን። መዝጋቢዎቹም ከእኛም ከእነርሱም ይመረጡ፤ ሴቶችም ይግቡበት፤ ባል የሞተባትን ሴት ችግር የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

3ኛ. መለኪያው ጉዳቱ ይሁን እንጂ ካርታው፣ መታወቂያው ወይም ዘመዱ አይሁን። ባለቤቱ ግድግዳ ቢፈርስበት ተከራዩ ደግሞ ያለውን ዕቃ ሁሉ አጥቷል። ከአጠና ተራ ማገርና ወራጅ ሲገዛም ለባለቤቱ ቤት ብቻ አይታሰብ፤ ተከራዩ የሚመለስባት ክፍልም ትቆጠር።

4ኛ. የተሰጠው ሁሉ በሰው ፊት ይነበብ፤ በመስጊዱም በእድሩም ደጃፍ ይለጠፍ። በጨለማ የተከፈለ በጎ ነገር ሐሜትን ይወልዳል፤ ሐሜትም ከናዳው ያላነሰ ሰፈር ያፈርሳል።

5ኛ. መዝገቡ ቶሎ አይዘጋ። መጀመሪያ የሚደርሰው ጉልበት ያለው ነው፤ ቁስለኛው፣ ሽማግሌውና ሐዘንተኛው ዘግይተው ይመጣሉ።

እነዚህን አምስት ነገሮች በጁምዓ ከሰላት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ የምትስማሙም የማትስማሙም መጥታችሁ አሳባችሁን ስጡ። የማትስማሙት በተለይ ኑ። ቁረይሾች በደም ሳሕን እስኪማማሉ ድረስ የደረሱት ከመጀመሪያው ቁጭ ብለው ስላልተነጋገሩ ነው።

ያቺ እናት ዛሬ በሕይወት አሉ። በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ የልጆቼንም ደኅንነት ይጠይቁኛል። ያንን ቀን አንድም ጊዜ አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን አልረሳሁትም። ይህ ሣጥን ተቋቁሞ፣ አላህ አያድርገውና ሌላ መከራ ቢደርስ፣ እሳቸው ወይም እሳቸውን የመሰለ ሰው ከፊታችን ሲቆም «በዚያኛው በኩል ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። አንድ መዝገብ ከሆነ «ያኛው በኩል» የሚባል የለምና።

አላህ ሰፈራችንን ከመከራ ይጠብቅልን። ቢመጣም ልባችንን አንድ፣ እጃችንን ፍትሐዊ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።